ጠያቂዋ

ልጅቷ ወታደር ከመሆኗ በፊት በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ነበረች። «ጭምቷ» ያሏት እዚያ ነው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ከመስተዋቱ ጀርባ ተቀምጣ ጉንጫቸው ያበጠ ሰዎችን በየተራ ትጠራለች። ከውስጠኛው ክፍል የመሰርሰሪያው ጩኸት ሲሰማ ወረፋ የያዙት ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አንዳንዱም «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ውልቅ ይላል። እሷ ቀና አትልም። የሚያለቅስ ሕፃን አይረብሻትም፤ የሚቆጣ ሽማግሌ አያስከፋትም።

«የኔ መርፌ የሚያደነዝዘው አንድ ድድ ነው» ይላት ነበር ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «አንቺን ግን መላ ሰውነትሽን ማን ወጋሽ?»

ትስቅለታለች፣ በከንፈሯ ብቻ።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ልጅ ሳለች አፏ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ዝም ካለች አሞኛል ማለቷ ነው ይባል ነበር። ነገሩ የተለወጠው እናቷ ስትታመም ነው። እናቷ የተወለደችው ከወንዙ ማዶ፣ በጎረቤት አገር ነበር። በትዳር ተሻግራ መጥታ፣ የባሏን ቋንቋ ተምራ፣ በሱው ተጣልታ በሱው ታርቃ ኖረች። አንድ ጠዋት ፊቷን እየታጠበች ወደቀች። ከዚያ በኋላ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አላት፤ ከአፏ የሚወጣውም የልጅነት ቋንቋዋ ብቻ ሆነ። የባሏን ቋንቋ በሽታው እንዳለ ጠርጎ ወስዶባታል። በቤቱ ውስጥ የማዶውን ቋንቋ የምታውቀው ጭምቷ ብቻ ነበረች፤ ታላቅ እህቷ ገና በልጅነቷ «ምን ያደርግልኛል» ብላ ትታው ነበር።

እንዲህ ሆነና ባልና ሚስት በገዛ ቤታቸው በአስተርጓሚ መነጋገር ጀመሩ። አባትየው ገባ ብለው በሩ ሥር ይቆማሉ።

«ምን አለች?»

«ውኃ ትላለች፣ አባዬ።»

«ያመኛል አላለችም?»

«አላለችም።»

ብላለች። ከዚያም የባሰ ብላለች። ግን እናቷ የምትለውን ሁሉ ለአባቷ ብታደርስ ማን ይጠቀማል? መልካም መልካሙን እያሻገረች ክፉ ክፉውን እሷው ዘንድ ታስቀረው ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። መቼ እንደሆነ ባታውቀውም ውስጧ የቀረው ነገር መቆጥቆጡን አቆመ። እናቷ የሞተች ዕለት ትራሱን አስተካከለች፣ ብርጭቆውን አጠበች፣ ከዚያ ወጥታ ለአባቷ ነገረች። አላለቀሰችም። አክስቷ በሰው ፊት «የዚች ልጅ ልብ ደንድኗል» ስትል ሰማቻት። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም ብላ አሰበች እንጂ አልተቀየመቻትም።

ከማዶ ጋር የነበረው ነገር የከረረው በዚያው ሰሞን ነው። ድንበሩ ተዘጋ፤ ብዙም ሳይቆይ መድፍ መተኮስ ተጀመረ። ለመረጃ ሥራ ሰው፣ በተለይ የማዶውን ቋንቋ የሚያውቅ፣ እንደሚፈለግ በራዲዮ ተነገረ፤ ምድር ጦርም፣ አየር ኃይልም፣ ባሕር ኃይልም ይቀበላሉ፣ ምርጫው የአመልካቹ ነው ተባለ። ጭምቷ ምሳ ላይ «እኔ ልገባ ነው» አለች፣ ጨው አቀብሉኝ በምትልበት ድምፅ። የጥርስ ሐኪም ቤቱ ወንበርና የሌላ ቦታ ወንበር ለሷ አንድ ነበር። ሌላው ቢያንስ ሌላ ነው።

እሑድ ከሰዓት ቤተሰቡ ሳሎን ተሰበሰበ። አጎቷ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ ከባሕር ኃይል ጡረታ የወጡ ሜካኒክ ናቸው። የእህቷ ባል ደግሞ የምድር ጦር ሃምሳ አለቃ ነው። ሁለቱ በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም።

«ባሕር ኃይል ግቢ፣ የኔ ልጅ» አሉ አጎቷ። «ሥራሽ ማዳመጫ ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ማዶኞቹ በራዲዮ የሚያወሩትን መስማት ነው። ክፍሉ ቀዝቃዛ፣ አልጋው ንጹሕ። አታያቸው፣ አያዩሽ።»

«አጎቴ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ መርከብ ላይ ሲኖሩ አንድ ቀን ባሕሩን አይተውት ያውቃሉ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ከሞተሩ ክፍል ባሕር አይታይም። ባሕር ገብቶ የታየ ዕለት እኮ አለቀልህ ማለት ነው!»

ሁሉም ሳቁ። አባትየው ብቻ አልሳቁም። «አየር ኃይልስ?» ብለው ጠየቁ።

«አየር ኃይል ፎቶ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው። «ከላይ የተነሣ ፎቶ በአጉሊ መነጽር እያዩ ይሄ ጎተራ ነው፣ ይሄ ታንክ ነው ማለት። ሰው እዚያ ላይ ከጉንዳን አይበልጥም።»

«ቋንቋ አያስፈልገውም ማለት ነዋ?»

«ለፎቶ ምን ቋንቋ ያስፈልጋል?»

«እንግዲያው እሱ ይሻላል» አሉ አባትየው። ወደ ልጃቸው ዞር ብለው ሌላ ነገር ሊናገሩ ከንፈራቸውን አላቀቁና መልሰው ዘጉት። የሚስታቸው ቋንቋ ለዚህ ሥራ መዋሉ ነበር ያንገበገባቸው። እሷም ገብቷታል።

ሃምሳ አለቃው ግን አልጨረሰም። «እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። ምድር ጦር ሰው ነው። ወንዙን የተሻገረውን ሁሉ ፊት ለፊትሽ አስቀምጠሽ ትጠይቂያለሽ። አቧራው፣ ዝንቡ፣ ድንኳኑ አለ፤ አልዋሽሽም። ግን ዕድሜሽን ሙሉ መረጃ ላይ መሥራት ከፈለግሽ ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ማዕረግም ይገኛል። ባሕር ኃይል ውስጥ አለቃሽ ካልሞተ አታድጊም።»

«አለቃዬ እስካሁን በሕይወት አለ» አሉ አጎቷ። «እኔም ይኸው እንደገባሁ ወጣሁ። እሱስ እውነቱን ነው።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሦስቱንም መሥሪያ ቤቶች ዞረች። የአየር ኃይሉ ኮረብታ ላይ ነው፤ ወለሉ የሚያንጸባርቅ፣ በሩ ራሱ የሚከፈት። ፂሙን የላጨ ወጣት ሻምበል አንድ ትልቅ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላትና «ምን ይታይሻል?» አላት።

«ጣሪያ።»

«ሌላስ?»

«የመኪና መንገድ። ጥላው ረጅም ስለሆነ ፎቶው የተነሣው በማለዳ ወይ ወደ ማታ ላይ ነው።»

ሻምበሉ ደስ አለው። «ጥሩ። ከጣሪያው ሥር ማን አለ እያለ የሚያስብ ሰው እዚህ አይቆይም» አላት። ቦታው ተመቻት። እዚህ መቀመጥ እችላለሁ ብላ አሰበች።

ባሕር ኃይል ጆሮዋን ፈተኗት። መስኮት በሌለው ክፍል ማዳመጫ አጠለቁላትና ከማዶ የተቀዳ ድምፅ ለቀቁላት፤ አንድ ሰው የአየር ጠባይ ሲያነብ ነበር። ማዕበል፣ የነፋስ አቅጣጫ፣ ነገ ዝናብ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያንን ቋንቋ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። አንድም ቃል ሳትስት ተረጎመችው። ማዳመጫውን ስታወልቅ ጣቶቿ በረዶ ሆነው አገኘቻቸው፤ የክፍሉ ቅዝቃዜ ነው አለች ለራሷ። ፈታኙ «ከፈለግሽ ነገ መጀመር ትችያለሽ» አላት። «ላስብበት» ብላው ወጣች።

የምድር ጦሩ ቢሮ አንድ ያረጀ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ማራገቢያው ይንቋቋል፣ ወንበሮቹ እግራቸው አጭርና ረጅም ነው። የተቀበለቻት ሴት ሻለቃ ጉንፋን ይዟት ኖሮ ንግግሯን በየመሐሉ እያቋረጠች ትናፈጣለች። ሌሎቹ «አገርሽን ለማገልገል ለምን ፈለግሽ?» ብለው ነበር የጀመሩት። ሻለቃዋ እሱን ዘለለችው።

«ሰው ፊትሽ ሲያለቅስ ምን ይሰማሻል?»

«ምንም።»

ሻለቃዋ መሐረቧን አጠፈች። «ዱሮም እንዲህ ነሽ ወይስ በቅርብ ነው?»

ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። «በቅርብ ነው» አለች።

«ማን ሞተብሽ?»

«እናቴ።»

«ነፍስ ይማር» አለች ሻለቃዋ፤ አነጠሰችና ደግሞ ቀጠለች። «እኔ ዘንድ ብዙ ሰው ይመጣል። ግማሹ ልቤ ሩህሩህ ነው ይለኛል፣ ግማሹ ጨካኝ ነኝ ይለኛል። ሁለቱም ሊያታልሉኝ ነው። አንቺ ምንም አልሽኝ። ምንም ከሚል ሰው ጋር መሥራት ይቻላል።»

ማታ አባቷ ራት ሳይቀርብ ጠየቋት።

«የቱን መረጥሽ?»

«ምድር ጦር።»

«ፎቶው እኮ ንጹሕ ሥራ ነው፣ ልጄ። ለምን?»

«እንጃ፣ አባዬ። ሴትዮዋ ማን ሞተብሽ አለችኝ።»

«ምን አገባት?» አሉ አባትየው ተቆጥተው። ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ጣሪያውን ማየት ያዙ። በዚያ ቤት የምርጫው ነገር ሁለተኛ አልተነሣም።

ሥልጠናው አለፈ። ሮጠች፣ ተኮሰች፣ ካርታ አነበበች፤ ሌሎቹ ሲያማርሩ አላማረረችም፣ ሌሎቹ ሲዘፍኑም አልዘፈነችም። ከዚያ ወደ ድንበር፣ ሻለቃዋ ወደምትመራው የጥያቄ ጣቢያ ተላከች። ጣቢያው ተማሪዎቹ ጥለውት የሄዱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከወንዙ ማዶ የሚሸሹ ሰዎች እዚያ ይመጣሉ። አግዳሚ ወንበሮቹ የሕፃን ስለሆኑ ሽማግሌው ሁሉ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ ይቀመጣል። ግድግዳው ላይ አንድ ልጅ የሳለው ቢጫ ዝሆን ነበር፤ ማንም አላነሣውም።

በሥራው ተዋጣላት። ዘዴ የላትም፤ ጠይቃ ዝም ነው የምትለው። ሰው ዝምታን አይችልም፤ ይሞላዋል። ልጁ እጁ ላይ የሞተበት አባት ሲያወራ ሌሎቹ ጠያቂዎች ወይ ዓይናቸውን ይሰብራሉ ወይ ውኃ ይቅዱለታል። እሷ ታየዋለች። አንዳንዶቹ ይህን ጭካኔ ይሉታል፤ ብዙዎቹ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቋረጡ እስከ መጨረሻው የተናገሩት እሷ ዘንድ ነው። በእናቷ አነጋገር ስለምትናገር «የነማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። «ጥያቄውን እኔ ነኝ የምጠይቀው» ማለት ልማዷ ሆነ።

አንድ ዝናባማ ጠዋት አንዲት ሴት የልብስ ስፌት መኪና ራሱን ብቻ፣ ያለ እግሩ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ በጀርባዋ አዝላ መጣች። የወንዙ ውኃ እስከ ደረቷ ደርሶ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ በዕድሜ ከጭምቷ እናት ትንሽ ታንሳለች። መኪናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መጀመሪያ እሱን በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችው።

«እግሩንስ የት ተዉት?» አለች ጭምቷ።

«እግሩ ይቅር። እግር ያለው ሰው ይሸከመዋል።»

ጥያቄው ረጅም አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ በመንደሯ ወፍጮ ቤት አጠገብ ላለው ትልቅ ቤት መጋረጃ ሰፍታለች፤ ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ጨርቅ፣ ለሁሉም መስኮት። ቤቱ ውስጥ መኮንኖች ይገቡ ይወጡ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ዛፎቹ ሥር፣ መድፎች አሉ፤ ሲተኩሱ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር።

«በአካባቢው ነዋሪ ቀርቷል?»

«ማን ይቀራል? ሁሉም ሸሸ። እህቴ ብቻ ናት ያለችው፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ቤት። ነይ አልኳት፣ ለመንኳት። ዶሮዎቼን ለማን ትቼ አለችኝ።» ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች። «እንቁላል የማይጥሉ ዶሮዎች!»

ጭምቷ ሁሉንም ጻፈች። መጋረጃውን፣ መድፎቹን፣ እህትየዋን። ጽሑፉ ወደ ሻለቃዋ፣ ከዚያም ወደ ላይ ሄደ። የአየር ኃይል ፎቶዎች መድፎቹን አረጋገጡ፤ የባሕር ኃይል አዳማጮችም በዚያ አካባቢ የሚያወራ ራዲዮ መኖሩን ተናገሩ። አውሮፕላኖቹ ሲሄዱ ከትምህርት ቤቱ ይሰሙ ነበር። የዚያን ሰሞን ከማዶ የሚተኮሰው መድፍ ዝም አለ፤ በወንዙ ዳር ያሉ መንደሮች ልብስ አጥበው ውጭ ማስጣት ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ ስደተኞች ወሬ ይዘው መጡ። ልብስ ሰፊዋ ከስደተኞቹ መጠለያ ተነሥታ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣች፤ በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባችም።

«ወፍጮ ቤቱ ተመታ አሉ።»

«አዎ።»

«ቀጥሎ ያለችውም ቤት አብራ።»

ጭምቷ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የእህቴን ነገር ጽፈሽው ነበር?»

«ጽፌዋለሁ።»

«አነበቡት?»

«አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ቢጫውን ዝሆን ለአፍታ አየችው። «እኔ ነኝ የነገርኩሽ» አለች፣ ለራሷ ይሁን ለሌላ ሳይለይ። ዞራ ሄደች።

ጭምቷ ሥራዋን ጨርሳ ወደ ሻለቃዋ ድንኳን ሄደች። «ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሰው እንዳለ ጽፌ ነበር» አለቻት።

«አንብቤዋለሁ። ሳልቀንስ ነው ወደ ላይ የላክሁት።»

«ከዚያስ?»

«መድፎቹ ከወንዙ በዚህ በኩል በየቀኑ ሰው ይገድሉ ነበር። የላዮቹ መዘኑ።» ሻለቃዋ መነጽሯን አወለቀች። «ባሕር ኃይል አዳማጭ ይፈልጋል። ልዛወር ካልሽ እፈርምልሻለሁ። አየር ኃይልም ቢሆን። የሚወቅስሽ የለም።»

ጭምቷ አሰበችበት። ቀዝቃዛው ክፍል፣ ማዳመጫው። ፎቶው፣ ጣሪያው። ሁሉም በዚያች ቤት ላይ እጃቸው አለበት፤ ልዩነቱ እነሱ ልብስ ሰፊዋን አያውቋትም። ይህን ስታስብ ማዘን እንደነበረባት ታውቅ ነበር። የምትፈልገውን ዕቃ የት እንዳስቀመጠችው እንደምታውቅ፣ ግን ሄዳ ለማምጣት አቅም እንዳጣች ሰው ሆነች።

«ውጭ ሰዎች እየጠበቁ ነው» አለች። «እዚሁ ልሁን።»

ከቀናት በኋላ መጠለያው ሄደች። ከስታ ስለነበር የደንብ ልብሷ ትከሻዋ ላይ ይንሸራተታል፤ ማጥበብ ነበረባት፣ ወይም ለራሷ የሰጠችው ምክንያት ይህ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የመኪናውን ራስ የበር ሳንቃ ላይ አስራ በእጇ እያዞረች ትሰፋለች። ቀና ብላ አየቻት።

«ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው?»

በዚያ ቋንቋም እንደኛው ነው፤ መርማሪም ይጠይቃል፣ ዘመድም ይጠይቃል፣ ቃሉ አንድ ነው። ጭምቷ የትኛውን እንዳለቻት አላወቀችም።

«ኮቱ ሰፍቶኝ ነው» አለች።

ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ስፌት እስከ ጫፉ ጨረሰች። ከዚያ ተነሥታ መርፌ ቁልፎች በጥርሷ ያዘች። «ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ተንፍሺ እንጂ፣ ሬሳ አልለካም።» ትከሻውን ሰበሰበች፣ ጎኑን ቆነጠጠች፣ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። አንዱ ጨርቁን አልፎ ክንዷ ውስጥ ገባ። ጭምቷ አልተንቀሳቀሰችም፤ ሸሚዟ ላይ ትንሽ ደም ሲታይ ነው ሁለቱም ያወቁት።

«አላመመሽም?»

«አልተሰማኝም።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ነቅላ በአውራ ጣቷ ቦታውን ተጫነችው። «እኔም አይሰማኝም» አለች። «ሰዎቹ ሊያስተዛዝኑኝ ሲመጡ እነሱ ያለቅሳሉ፣ እኔ ልብሳቸው ጉልበቱ ላይ መተርተሩን አያለሁ።»

«እናቴ ስትሞት ብርጭቆ አጠብኩ» አለች ጭምቷ። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ የተናገረችውም በእናቷ ቋንቋ ነው።

«ታዲያ ማን ሊያጥበው ነበር?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ አውራ ጣቷን ሳታነሣ።

ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ትሄድ ነበር። አንዳንዴ የሚሰፋ ነገር ይዛ፣ አንዳንዴ ባዶ እጇን። ልብስ ሰፊዋ ይቅር ብዬሻለሁ አላለቻትም፤ እሷም አልጠየቀቻትም። አንድ ቀን «አትምጪብኝ» ብላ መለሰቻት፤ መጋረጃውን ዘግታ። ጭምቷ ተመለሰች። በሌላ ቀን ስትመጣ ግን ሳጥን ስባ መቀመጫ ሰጠቻት።

ጦርነቱ እንደ ሌሎቹ ጦርነቶች አለቀ፤ የደከማቸው ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ፈረሙ። ድልድዩ ተጠግኖ ለእግረኛና ለጭነት መኪና ተከፈተ። ጭምቷ ያኔ መኮንን ሆናለች፤ ሻለቃዋ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራ የጥያቄ ጣቢያውን የምትመራው እሷ ናት። ልብስ ሰፊዋ መጥታ «የእህቴን ቦታ ማየት እፈልጋለሁ። ብቻዬን ኬላው ላይ ያጉላሉኛል። አንቺ አድርሺኝ» አለቻት። ልመና አልነበረም። ጭምቷም «እሺ» አለች።

በጭነት መኪና ጀርባ ተሻገሩ። ከወፍጮ ቤቱ የቀረው የድንጋይ ክምር ነው፤ ከእህትየዋ ቤት አንድ ግድግዳ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ወንፊት። የተመለሰ አንድ ጎረቤት መቃብሩን አሳያቸው፤ አፈሩ በዝናብ ሰጥሟል። ልብስ ሰፊዋ ከጎረቤቱ አካፋ ተቀብላ ለጭምቷ ሰጠቻት።

«አፈር ሙዪበት።»

ጭምቷ ኮቷን አውልቃ አፈር መቆለል ጀመረች። አፈሩ እርጥብና ከባድ ነበር። ልብስ ሰፊዋ በእጇ ድንጋይ እየለቀመች ዙሪያውን ትደረድራለች። ጎረቤቱ ላግዛችሁ ቢል ሁለቱም አልመለሱለትም። ሲጨርሱ የጭምቷ መዳፍ ውኃ ቋጥሮ ፈንድቷል። መዳፏን ገልጣ አየችው። ያቃጥላታል። ደግማ አየችው፤ አሁንም ያቃጥላታል።

«ታጠቢው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሲመለሱ መኪናው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች የመኪናውን ሹፌር ይረግማሉ፣ አንዲት ሴት በግ ይዛ በጉ ሁሉንም እየረገጠ ይዞራል። ጭምቷ መሐል መንገድ ላይ እንቅልፍ ጣላት። ራሷ መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ቀጥሎ ወደ ጎን ዘመም እያለ በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ትከሻ ላይ አረፈ። ኬላው ጋ የደረሱት መሽቶ ሳይጨልም ነው። ጠባቂው ወታደር መኪናውን አስቁሞ «ወረቀት» ሲል ልብስ ሰፊዋ በነጻው እጇ የጭምቷን መታወቂያ ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው።

«ቀስ በል» አለችው። «ተኝታለች።»